ለ4 በ4 ሳሎን፣ ከበገና እስከ ሬጌ የሚያጫውት ርካሽ ስፒከር (ሐዋሳ)

የሐይቅ_ዳሯ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሳሎኑ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የቺፑድ ኮርኒስ፣ ከፍታው 2.70። አንደኛውን ግድግዳ ከአከራዮቼ ጋር እንጋራለን። የምሰማው የተደበላለቀ ነው፦ በጾም በገናና መዝሙር፣ ሌላ ጊዜ የድሮ የሸክላና የካሴት ዘፈን፣ ኢትዮ ጃዝ፣ ሬጌ፣ በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን የቄጣላ ዜማ፣ አንዳንዴ ክላሲካል። ባጀቴ አንድ መካከለኛ ስልክ የሚያስገዛ ነው። ፒያሳ የሚያሳዩኝ ሁሉ ባለ ሰብዉፈር ሆም ቲያትር ነው፤ አንዱ ካርቶን ላይ 8000 ዋት ይላል። ፊልም አላይበትም፣ ለሙዚቃ ብቻ ነው። ምን ልግዛ? አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ስምንት_ኦም

መጀመሪያ 8000 ዋቷን እንርሳት። ፒኤምፒኦ የሚሏት የካርቶን ጌጥ ናት። ዕቃውን አዙሪና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። "220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 60 ዋት" ካለ ከሶኬት የሚስበው 60 ዋት ነው፤ 60 ስቦ 8000 የሚተፋ ዕቃ ደግሞ አልተሠራም። መጠየቅ ያለብሽ አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር፣ ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ዋት ነው።

ስንት ይበቃል? እናስላው። ተራ ባለ 5 ኢንች ስፒከር ሴንሲቲቪቲው 86 ዲሲቤል አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 8 ኦም ከሆነ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ይህን ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ሶፋሽ 2.5 ሜትር ላይ ቢሆን ክፍሉ ውስጥ 5 ወይም 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ስፒከሮቹ ሁለት ስለሆኑ 3 ይመለሳል። ስለዚህ በየጎኑ 1 ዋት ብቻ ሰጥተሽ 83 ገደማ ዲሲቤል ጆሮሽ ይደርሳል። ይህ አጠገብሽ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ የሚያስደርግ ነው። በ10 ዋት 93፣ በ20 ዋት 96 ይሆናል። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ የጮኸ እንዲመስል 10 ዲሲቤል ያስፈልጋል፣ ይህም 10 እጥፍ ዋት ነው።

ለአንቺ ክፍል በየጎኑ እውነተኛ 20 ዋት ይበቃል፤ የከበሮ ምት ሲመጣ እንዳይታነቅ 30 ቢሆን ደስ ይላል። ከዚያ በላይ የምትከፍይው ለአከራዮችሽ ነው።

ባለ_ክራር

ዋቱ ይበቃናል። የብዙ ዓይነት ሙዚቃ ሰው የሚሳሳተው ስፒከርን በቤዝ ሲመርጥ ነው። የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንት፣ የሳክስፎን፣ የቫይብራፎን፣ የሰው ድምፅ ዋና ሥጋው ያለው መሃል ላይ ነው፤ ከ150 እስከ 4000 ሄርዝ ቢባል ብዙ አይርቅም። ርካሽ ሆም ቲያትር ይህን መሃል ለባለ 3 ኢንች ስፒከር ይሰጠዋል። 3 ኢንች ወደ ታች መውረድ ስለማይችል ሰብዉፈሩ እስከ ወንድ ድምፅ ድረስ ወጥቶ እንዲሸፍንለት ይደረጋል። ውጤቱን ታውቂዋለሽ፦ ዘፋኙ ግማሹ ከቲቪው አጠገብ፣ ግማሹ ከጥግ ይዘፍናል።

ሱቅ ስትሄጂ የራስሽን 5 ፋይል በፍላሽ ያዢ። ከቴሌግራም ተደጋግሞ የተላከ ቀጭን ኤምፒ3 አይሁን፤ የድራም ሳህኑ ሁሉ "ሽሽ" የሚልበት ፋይል ይዞ ስፒከር መምረጥ አይቻልም። ቤዝና ትሬብሉን መሃል ላይ፣ ሜጋ ቤዝ የሚለውን አጥፊ። ከዚያ እንዲህ አድምጪ።

መጀመሪያ የወንድ ዜና አንባቢ። ዘፈን ሳይሆን ንግግር። የሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ አንባቢው በርሜል ውስጥ የገባ ከመሰለ ሣጥኑ ራሱ እየዘፈነ ነው፣ ተዪው።

ከበሮ። የከበሮ ትልቁ አፍና ትንሹ አፍ ድምፃቸው ይለያያል። ሁለቱ አንድ ዓይነት "ዱም" ከሆኑ ያ ቤዝ ብዛት እንጂ ጥራት የለውም።

በገና። የሚንዘረዘረው ከአውታሩና ከብርኩማው መሃል በሚገባው እንዚራ፣ በቆዳዋ ቁራጭ ነው። ጥሩ ስፒከር የአውታሩን ድምፅ ለብቻ፣ ንዝረቱን ለብቻ ያሰማል። መጥፎው አዋህዶ የተቀደደ ስፒከር ያስመስለዋል። ስለዚህም ያገለገለ ስፒከር መቀደድ አለመቀደዱን በበገና አትፈትኚ፤ ደህናውንም ታሚዋለሽ።

ማሲንቆ። ከፍ ሲል ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ ትዊተሩ፣ ትንሿ የቀጭን ድምፅ ስፒከር፣ የተጋነነ ነው። ሱቅ ውስጥ ለ2 ደቂቃ "ጥርት ያለ" የሚመስለው እሱ ነው፣ ቤት ገብቶ ከ1 ሰዓት በኋላ የሚያደክመውም እሱ ነው። የካሴት ቅጂ ላይ ያለውን ሽሽታም አንስቶ ፊት ያወጣዋል።

ሁለት ስፒከር ስታወዳድሪ ድምፃቸው እኩል ይሁን። 1 ወይም 2 ዲሲቤል የበለጠ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጭ ይህን በደንብ ያውቃል። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ይበቃል።

ጋሽ_ትዝታ

ልጄ፣ በዚህ ባጀት አዲስ ዕቃ ስትገዢ የምትገዢው ፕላስቲክና መብራት ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የአዲሱ ዋጋ በየጊዜው ይሸሻል። ያገለገለ ባለ 6 ተኩል ኢንች የጃፓን የእንጨት ስፒከር፣ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የሌለው ማለቴ ነው፣ ከአንድ ትንሽ አምፕ ጋር አጣምሪ። ስፒከር እንደ መኪና ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ጠርዙና ኮይሉ (የውስጡ የሽቦ ጥቅል) ደህና ከሆነ 30 ዓመት ይዘፍናል። አምፕ የሌለው ስፒከር የቮልት ጣጣም የለበትም፣ ከየትም አገር ይምጣ።

አምፑን ግን ያገለገለ ሲሆን ተጠንቀቂ። ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት፣ ከጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የመጣ 100 ቮልት ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው፤ አንዴ ብትሰኪው ጭስ ነው። መቀነሻ ትራንስፎርመር ይኖራል፤ ሆኖም እሱም ራሱ ዋጋ አለው፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። የጃፓኑን በ110 መቀነሻ ብትሰኪው እንኳ 10 በመቶ ትርፍ ቮልት እየጋተ ነው።

ቴስተር

ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ያገለገለ ግን ሳይመረመር አይነሳም። አንድ ቴስተር፣ አንድ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ ስልክሽ ላይ የቶን ጄኔሬተር አፕ፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም።

የፊቱን ጨርቅ አውልቂ። የዉፈሩን፣ የትልቁን የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ ጠርዝ በጣት ንኪ። ጎማ ከሆነ ይቆያል። ስፖንጅ ከሆነና ጣትሽ ላይ እንደ ፍርፋሪ ከቀረ አልቋል። ጠርዙን መቀየር ይቻላል፣ ትክክለኛውን መጠን ማግኘት ግን ፈተና ነው፤ ዋጋውን ቀንሺ ወይም ተዪው።

ከዚያ በሁለት እጅ ጣቶች መሃሉን ክበብ ዙሪያውን እኩል ይዘሽ ኮኑን ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊ። እንደ አሸዋ ከፈጨ ኮይሉ እየታከከ ነው፣ ማለትም ተቃጥሎ አብጧል ወይም ወድቆ ከመሃል ወጥቷል። ዳግም አይስተካከልም በይው። የትዊተሩን ጉልላት ግን አትንኪ፤ አንዴ ከተሰረጎደ ድምፁ ይለወጣል።

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገሽ ቀይና ጥቁሩን ለኪ። 8 ኦም የተባለ 5.5 እስከ 7 ማንበብ አለበት፤ 4 ኦም የተባለ 3 እስከ 3.6። 1 ኦም ወይም ዜሮ ካነበበ ኮይሉ ሾርት ነው፣ አምፕሽን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱ ስፒከሮች ከግማሽ ኦም በላይ ከተለያዩ አንዱ ውስጥ የተቀየረ ዕቃ አለ። ይህ መለኪያ ስለ ትዊተሩ ምንም አይነግርሽም፤ ከፊቱ ካፓሲተር ስላለ ቴስተሩ አያየውም። ጆሮሽን አስጠግተሽ የሁለቱን "ጽጽ" አወዳድሪ።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ በቶን አፑ ከ40 እስከ 200 ሄርዝ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርጊው። አንድ ቦታ ላይ "ዝርርር" ካለ ኮይሉ ወይም ሣጥኑ ነው። ሣጥኑን በእጅሽ ጨምቀሽ ከጠፋ ሙጫው ለቋል፤ ያ የአናጺ ሥራ ነው፣ አያስፈራም።

ስምንት_ኦም

ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ ላይ እንለያይ። ምርመራውን የሚችል ሰው ካገኘች ያሉት ይሻላል። ካላገኘች አዲስ አክቲቭ ጥንድ፣ አምፑ ውስጡ ያለ፣ አርፋ የምትገዛው እሱን ነው። ለምሳሌ ኤዲፋየር አር1280ቲ፦ ባለ 4 ኢንች ዉፈር፣ 42 ዋት አርኤምኤስ ለሁለቱ ድምር፣ ማለትም 21 በየጎኑ። ካርቶኑ ላይ ሺህ የለም፣ እውነተኛ ቁጥር ነው። የኋላው ሁለት ግቤት የአርሲኤ ነው፣ ብሉቱዝ የለውም፤ ብሉቱዝ ከፈለግሽ አር1280ዲቢ የሚለውን እይ። ድካሙ 4 ኢንች መሆኑ ነው። የሬጌ ቤዝ ጊታር የታችኛው አውታር 41 ሄርዝ ነው፤ እዚያ አይወርድም። ዜማውን ትሰሚያለሽ፣ ደረትሽን አይመታም።

አምፕ የሌለው አዲስ ከተገኘ ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5 ለዚህ ሁሉ ዓይነት ሙዚቃ ሚዛናዊ ነው፤ 13 ሴንቲ ዉፈር፣ 6 ኦም፣ 87 ዲሲቤል። አምፑ ለብቻ ይታከልበታል።

የስቱዲዮ ሞኒተሮች፣ ጄቢኤል 305ፒ፣ ያማሃ ኤችኤስ5 የመሳሰሉት፣ ቤዙንም ትሬብሉንም ስለማያጋንኑ ለተደበላለቀ ሙዚቃ ጥሩ ናቸው። አዲስ ከባጀትሽ በላይ ይሆናሉ፤ ያገለገሉ ከተገኙ ሦስት ነገር ያዢ። ዋጋው ለአንድ ነው ወይስ ለጥንድ ብለሽ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የአንዱ ነው። ድምፅ መጨመሪያው በየስፒከሩ ጀርባ ነው፣ በስልክሽ ነው የምትቆጣጠሪው። ግቤቱም የኦክስ ጃክ አይደለም፤ ከ3.5 ሚሊ ወደ ሁለት 6.35 ሚሊ የሚከፍል ገመድ ያስፈልጋል።

ጋሽ_ትዝታ

ተቀብያለሁ፣ ካንተ ልለያይ አልፈልግም። ያማሃ ካልክ አይቀር ግን ኤንኤስ-10 የሚባለው ነጭ ኮኑ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ለቤት ተብሎ ነበር። ቤት አልወደደውም፣ ስቱዲዮ ወሰደው። ትዊተሩ ስለሚጮህ ባለሙያዎቹ ፊቱ ላይ የሽንት ቤት ሶፍት ይለጥፉበት ነበር። ማሲንቆ የሚጮህባት ከሆነ እሷም አንድ ቅጠል ሶፍት በፕላስተር ትሞክር። ነጻ ነው።

የሐይቅ_ዳሯ

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ያገለገለ ባለ 6 ተኩል ኢንች ጥንድ አማራጭ አለ እንበል። አምፑስ የትኛው? መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ በባትሪ የሚሄድ ቢሆን እመርጣለሁ። ደግሞስ ቡፌው ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

መብራት_መጣ

አምፑን እኔ ልውሰደው። ቲፒኤ3116 የሚባል ቺፕ ያለው፣ መዳፍ የማታክል አምፕ ፈልጊ። ሻጩ 2 በ50 ወይም 2 በ100 ይልሻል። 50ው የሚገኘው 4 ኦም ላይ በ21 ቮልት ነው። በአንቺ 8 ኦም ስፒከር በ24 ቮልት በየጎኑ 30 ዋት ገደማ፣ በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር 20 ገደማ፣ በ12 ቮልት ባትሪ 8 ገደማ ይሰጣል። ስምንት_ኦም ያሰላውን ተመልከቺ፤ 8 ዋትም ለምሽት ከበቂ በላይ ነው።

ቤት ውስጥ የተረፈ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር ካለ ለመነሻ ሌላ አትግዢ። ከአምፑ ጋር የሚመጣው 12 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር ግን ቤዝ ሲመታ ይንበረከካል፤ ድምፁ የሚቆራረጠው ከስፒከሩ ሳይሆን ከእሱ ነው።

ባትሪ፦ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ፣ አምፑ በአማካይ 10 ዋት ቢበላ፣ 4 ሰዓት ነው። ሁለት ባትሪ ቀጥለው 24 የሚያደርጉ አሉ። ቻርጅ ላይ ሆነው እንዳያጫውቱ። ያኔ ቮልቱ 27 እና 28 ይደርሳል፤ የቺፑ ወሰን 26 ነው። ባትሪው ላይ 5 አምፔር ፊውዝ አድርጊ፣ ፖዘቲቩ አጠገብ።

ኢንቨርተር ካለሽ ደግሞ ርካሹ ማዕዘናማ ሞገድ የሚያወጣው በስፒከር ውስጥ ይጮኻል። ለዚህ ዕቃ ኢንቨርተር ውስጥ ማለፍ አያስፈልግም፣ በቀጥታ ከባትሪው።

መብራት ሲጠፋ ከዲቫይደሩ ንቀይ፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። ቻርጀሩ 100–240 የሚል ከሆነ ስታብላይዘር ትርፍ ወጪ ነው።

አንድ ሌላ፣ ላፕቶፕ ሰክተሽ "ሁምምም" ካለ ቻርጀሩን ንቀዪው። ከጠፋ የመሬት ሽቦ ዙር ነው፤ ኦክሱ ላይ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይገባል፣ ወይም በብሉቱዝ አጫውቺ። የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ መገላገል የሚመክርሽን አትስሚ።

ቆርቆሮ_ጣራ

ገንዘቡ አለቀ፣ አሁን ነጻው ሥራ ቀረ። ከተባለው ሁሉ የበለጠ ድምፅ የሚቀይረውም ይሄ ነው።

4 በ4 ክፍል ለድምፅ ክፉ ቅርጽ ነው። 172ን (የድምፅን ፍጥነት ግማሽ፣ በሜትር በሰከንድ) ለርዝመቱ አካፍዪ፦ 43። በ43 ሄርዝ ርዝመቱም ወርዱም እኩል ይጮኻሉ፣ ስለዚህ የቤዝ ጊታሩ አንድ ኖታ ብቻ ክፍሉን ይሞላል፣ ሌሎቹ ይጠፋሉ። ሶፋው ግድግዳ ከተደገፈ ይህ ጉብታ ጆሮሽ ላይ ነው፤ ልክ መሃል ላይ ከተቀመጥሽ ደግሞ ይጠፋል። የሚሠራው ከመካከላቸው ነው።

በሜትር ልስጥሽ። ስፒከሮቹን ከአከራዮችሽ ጋር ወደማትጋሪው ግድግዳ። ጀርባቸው ከግድግዳው 35 ሴንቲ፣ መሃላቸው ከጎን ግድግዳ 90 ሴንቲ ይራቅ፤ እርስ በርስ 2.20 ይሆናሉ። ጆሮሽ ከየስፒከሩ 2.5 ሜትር ሲሆን ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ከ15 ገደማ ይርቃል። የፊትና የጎን ርቀት እኩል አይሁን፤ እኩል ሲሆኑ የሁለቱ ግድግዳዎች ነጸብራቅ በአንድ ኖታ ላይ ይደራረባል። ፊታቸውን ወደ አንቺ ትንሽ አዙሪ፣ ማሲንቆው ከበዛብሽ ትንሽ መልሺ።

ያን ያህል ሶፋ ማውጣት ካልተቻለ 70 ሴንቲም ይሁን፣ ግድግዳው ላይ ግን አይለጠፍ።

ትዊተሩ ጆሮ ጋ ይድረስ፤ ሶፋ ላይ 95 ሴንቲ አካባቢ ነው። ስለዚህ 70 ሴንቲ ማቆሚያ። ብየዳ ቤት 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ላዩ 3 ሚሊ ላሜራ 16 በ20 ሴንቲ፣ ሥሩ 25 በ30። ቱቦላሬውን የደረቀ አሸዋ ሙዪበትና ክደኚው፤ ባዶውን ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። ከላይ አራት የጎማ ቁራጭ። ወለል ላይ አታስቀምጪ፦ ቤዙ ያብጣል፣ ሴራሚክ ሲታጠብ ደግሞ የሣጥኑ ሥር ውኃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ይነፋል። ሐይቅ ዳር በክረምት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ቡፌ ውስጥ ማስገባት? ካልቀረ እስከ ከንፈሩ ድረስ ወደ ፊት ጎትቺያቸው፤ ጀርባው ላይ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ስፖንጅ ወትፊበት፣ ቤዙ ይቀንሳል፣ ግን ይጠራል። የቡፌውን መስታወትና ብርጭቆ አስቀድመሽ አውጪ።

አሁን መሃል ቆመሽ አንዴ አጨብጭቢ። "ትርርር" የሚል ጭራ ከሰማሽ ሴራሚክና ኮርኒሱ እየተቀባበሉ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ከስፒከሩና ከሶፋው መሃል፣ ወፍራም መጋረጃ ከአንድ ጎን። ግድግዳ ላይ ጋቢ መስቀል ለትሬብሉ ይረዳል፣ ለቤዙ ምንም አያደርግም፤ ለቤዙ የሚረዳው ጥግ ላይ የቆመ ትርፍ የስፖንጅ ፍራሽ ነው፣ እንግዳ ካልመጣ።

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፅ ጨምረሽ አትወዳደሪው። ታሸንፊያለሽ ብለሽ አምፑን ከአቅሙ በላይ ስትገፊው ሞገዱ ይቆረጣል፣ ቀድሞ የሚቃጠለውም ትዊተሩ ነው።

ቴስተር

ገመዱን ረሳችሁት። ስፒከር ገመድ ተብሎ የሚሸጠው ግልጽ ፕላስቲክ ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በቢላ ፋቂው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። ተራ የኤሌክትሪክ 2 በ1.5 ሚሊ የመዳብ ገመድ ግዢ። 5 ሜትር ደርሶ መልስ 0.115 ኦም ነው፣ ከ8 ኦም ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ሁለቱን ጎን እኩል ቁረጪ።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ያገለገለ ስፒከር ውስጡ ተከፍቶ ከሆነ ቀለሙን አትመኚ፦ ድንጋዩን ፖዘቲቩን በቀይ፣ ኔጌቲቩን በጥቁር ለቅጽበት ንኪ፣ ዉፈሩ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ካላደረጉ የአንዱን ሽቦ ገልብጪ።

የሐይቅ_ዳሯ

ሁሉንም ካገናኘሁ በኋላ የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን በጆሮ ማወቅ ይቻላል?

ባለ_ክራር

ቀላል ነው። ከድሮዎቹ የሸክላ ዘፈኖች በሞኖ የተቀዳ አንዱን አጫውቺ። ከሁለቱ ስፒከሮች የሚወጣው አንድ ዓይነት ስለሆነ ዘፋኙ ልክ ከመሃል፣ ስፒከር ከሌለበት ባዶ ቦታ መዝፈን አለበት። ድምፁ ከጆሮሽ ጀርባ የሚመጣ፣ ቤዙም የቀለለ ከመሰለ አንዱ ተገልብጧል። አንዱን ገመድ አዙረሽ እንደገና ስሚ፤ ቤዙ ከጨመረ ያ ነው ትክክሉ።

ዘፋኙ መሃል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ከተሳበ ግን የገመድ ጉዳይ አይደለም። ስፒከሮቹን በሜትር ለኪ፣ አንዱ 10 ሴንቲ ቀርቦሽ ይሆናል። ርቀቱ እኩል ከሆነ ግራና ቀኙን አቀያይሪ፤ መሳቡ ከስፒከሩ ጋር ከሄደ ችግሩ ስፒከሩ ነው፣ እዚያው ጎን ከቀረ ክፍሉ ወይም አምፑ።

ቆርቆሮ_ጣራ

ስትጨርሺ ከ30 እስከ 120 ሄርዝ ያለውን በዝቅተኛ ድምፅ አስኪጂና በክፍሉ ዙሪያ ሂጂ። የኮርኒሱ ቺፑድ፣ የመስኮቱ መስታወት፣ የቴርሞስ ክዳን፤ የሚንዘረዘረውን እዚያው ትይዥዋለሽ። ኮርኒሱ የላላበት ቦታ አንድ ምስማር ይበቃዋል።

መብራት_መጣ

የስፒከሩ የኋላ ቀዳዳ ላይ ደግሞ የቀጭን ናይለን መረብ ቁራጭ ከውስጥ ለጥፊ፤ ስፖንጅ ካልወተፍሽበት በረሮ ይገባበታል። አምፑንም ከወጥ ቤት ጋር ከሚዋሰነው ግድግዳ አርቂው፣ ሞቃት ነገር ይወዳሉ።